ዓርማውን የማይቆርጥ ካሴት ገልባጭ፣ ከዚራ

ድሬዳዋ ውስጥ የድሮ ቪዲዮ ካሴት ወደ ፍላሽ ማስገልበጥ ለምትፈልጉ፣ ከዚራ ውስጥ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ በዛፍ ጥላ ሥር ያለችውን ጠባብ ሱቅ እመክራለሁ። በሯ ላይ የተጻፈው «ካሴት እንገለብጣለን» የሚል ብቻ ነው። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ የቴሌቪዥን ጥገና ባለሙያ ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ላይ የምትሠራው ልጃቸው ናት። ለአንድ የሦስት ሰዓት ካሴት 500 ብር ያስከፍላሉ። ርካሽ አይደለም፤ ሥራቸው ግን ዋጋውን ያወጣል። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ስለ አንድ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጣቢያ ዓርማዎች ማውራት ይኖርብኛል።

ካሴቶቹ የአጎቴ ናቸው። ለንደን ይኖር በነበረበት ዘመን ከቢቢሲ እየቀዳ፣ መንገደኛ ባገኘ ቁጥር ለእናቴ ይልክላት ነበር። ጀርባቸው ላይ በእርሳስ «ኮረም»፣ «ኮንሰርት»፣ «ስለ አራዊት» ተብሎ ተጽፏል፤ ቀን ግን የለም። አጎቴ አርፏል፤ የሚጠየቅ ሰው የለም። መቼ እንደተቀዱ የሚናገረው ከፕሮግራሙ በፊት ለጥቂት ሰከንዶች ብቅ የሚለው የጣቢያው ዓርማ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የወሰድኳቸው እዚሁ ከተማ ወዳለ ሌላ ሱቅ ነበር። ፕሮግራሙ ከሚጀምርበት በፊት ያለውን ሁሉ ቆርጠው ጣሉት። ጠርዝ ላይ የሚርገበገበው መስመር እንዳይታይም ምስሉን ከአራቱም በኩል ከረከሙት። «ቆሻሻውን አጽድተንልሻል» አሉኝ። የጸዳው የካሴቱ የልደት ወረቀት ነበር። ካሴቶቹ እጄ ላይ በመሆናቸው እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

የከዚራው ሽማግሌ ግን ገና ካሴቱ ዴኩ (ማጫወቻው) ውስጥ ሲዞር አቁመውት፣ «ልጄ፣ ይህቺ የምትሽከረከረው ሉል ትቆረጥ ወይስ ትቆይ?» ብለው ጠየቁኝ። «ትቆይልኝ ጋሼ፣ ምንም ነገር አይቆረጥብኝ» አልኳቸው። ሁለተኛውን ካሴት ሲያስገቡ ደግሞ ማንም ሳይነግራቸው፣ «ይህቺኛዋና ያችኛዋ አንድ አይደሉም» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ቢቢሲ ራሱን በሚንቀሳቀስ ዓርማ ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ኤብራም ጌምስ የተባለ የግራፊክ ሠዓሊ የሠራው ያ ዓርማ እውነተኛ ዕቃ ነበር፤ መብራት ያለበትና የሚሽከረከር። ተመልካቹ «የሌሊት ወፍ ክንፍ» አለው። በፊልም ከተቀረጸ ብዙም ሳይቆይ ተበላሸ፤ ለዓመታት የታየው ፊልሙ ነው። በ1963 የምድር ሉል መጣች። በ1969፣ ቢቢሲ አንድ የቀለም ሥርጭት ሲጀምር፣ በጣም የምወዳት ባለመስታወቷ ሉል ተተካች። እርሷም በሞተር የምትዞር ዕቃ ነበረች፤ ከኋላዋ የቆመው ጎድጓዳ መስታወት የዓለምን ሌላኛ ገጽ ለጥጦ ያሳያል። የሚያነሣት ካሜራ ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለነበር ቀለሙ በኤሌክትሮኒክስ ይጨመርባት ነበር። ለዚህም ነው ዕቃዋን ሳይነኩ ቀለሟን መለወጥ የቻሉት፦ በ1970ዎቹ አጋማሽ ቢጫ በሰማያዊ ላይ፣ ከ1981 ጀምሮ ደግሞ አረንጓዴ በሰማያዊ ላይ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1985፣ ይህ ሁሉ ቀረና በኮምፒውተር የተሠራች ሉል ገባች፤ አህጉሮቿ ወርቃማ፣ ባሕሯ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ሰማያዊ።

አሁን «ኮረም» የሚለውን ካሴት ተመልከቱት። የጋዜጠኛው የማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው የመሐመድ አሚን የኮረም ረሃብ ዘገባ በቢቢሲ የታየው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 1984 ነው። ከዚያ በኋላ ግን ዓለም ሁሉ ደጋግሞ አሳይቶታል፤ አጎቴ ከየትኛው ጊዜ እንደቀዳው ማን ያውቃል? ከካሴቱ መነሻ ላይ ያለችው ሉል አረንጓዴ ናት። ስለዚህ የተቀዳው ከዘገባው በኋላ፣ ወርቃማዋ ሉል ከመምጣቷ በፊት ነው። አራት ወር እንኳን የማይሞላ ጊዜ ነው። አጎቴ ያንን ረሃብ ያየው በዓመቱ በመታሰቢያ ፕሮግራም ላይ እንዳልሆነ፣ በዚያው የብርድ ወቅት ለንደን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ እንደነበር በዚህ ዐወቅሁ። ለእናቴ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

«ኮንሰርት» የሚለው በሐምሌ 1977 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ረሃብ ገንዘብ የተሰበሰበበት ላይቭ ኤይድ ነው። በመካከሉ ሥርጭቱ ከቢቢሲ ሁለት ወደ ቢቢሲ አንድ ሲዛወር ይታያል፤ ወርቃማዋ ሉል እዚያ አለች። «ስለ አራዊት» በሚለው ላይ ያለው የቢቢሲ ሁለት ዓርማ በነጭ መደብ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ያለባቸው ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ነው፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1991 ብቻ የኖረ ነው። ከዚያ በኋላ የዓርማ ንድፍ ባለሙያው ማርቲን ላምቢ ኔርን ፊደላቱን በ«2» ቁጥር ተካቸው፤ ቁጥሯ አንዴ ቀለም ይረጭባታል፣ አንዴ እንደ ምላጭ ወርዳ ትሰካለች። ጣቢያው ደረቅና አሰልቺ ነው የሚለውን ስሜት የለወጠችው እርሷ ናት ይባላል፤ እኔም አምናለሁ።

የእኛው ጣቢያም በዚሁ መንገድ ይነበባል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ መደበኛ የቀለም ሥርጭት የጀመረው ኢሠፓ በተመሠረተበት ወቅት፣ 1977 ሲጠባ ነው። በ2006 ድርጅቱ ኮርፖሬሽን ከሆነ በኋላ ኢቢሲ የሚለው ስም ማያ ገጹ ላይ ወጣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ኢቲቪ ተመልሶ ዜና፣ መዝናኛና ቋንቋዎች ተብሎ ተከፋፈለ። የሠርግ ካሴታችሁ መጨረሻ ላይ በስሕተት የተቀዳ ዜና ካለ እንዳታስቆርጡት እለምናችኋለሁ።

ወደ ሱቁ ልመለስ። የሚሠሩባቸውን ዴኮች ባለቤቱ እዚሁ ድሬዳዋ ካለው ታይዋን ገበያ ለቅመው ራሳቸው አድሰዋቸዋል። ክሩን የሚያነበው የዴኩ ሄድ የተገጠመበት ከበሮ በደቂቃ 1500 ጊዜ ስለሚዞር ትንሽ አቧራ ክሩን ሊቧጭረው ይችላል፤ በድሬዳዋ አቧራ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም። ከእያንዳንዱ ካሴት በፊት ሄዱን በአልኮል ሲጠርጉ ዐይቻለሁ። ክሩን እስከ መጨረሻው አዙረው መልሰው ያጠነጥኑታል፣ ትራኪንጉን (የሄዱንና የክሩን መገጣጠም) በእጅ ያስተካክላሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው መገልበጥ የሚጀምሩት። ምስሉ ሙሉ ነው፤ ከታች የሚርገበገበው መስመር ሳይቀር አለ። እንዲህ ነው መሆን ያለበት። መከርከም የሚፈልግ ሰው በኋላ በራሱ ቅጂ ላይ ይከርክም።

እንከንም አላቸው። ልጃቸው ለፋይሎቹ ከአንድ ጀምሮ ቁጥር እንጂ ስም አትሰጥም፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሁሉንም መክፈት ግድ ሆነብኝ። መብራት ሲጠፋ ካሴቱን ከመጀመሪያው ስለሚጀምሩት ቀጠሮ ይዘገያል፤ ግማሹን ቀጥሎ ከመስጠት ይህ ይሻላል ብዬ ታግሻለሁ። ትልቁ ጉድለት ሴካም የሚባለውን የቀለም ቴሌቪዥን ሥርዓት የሚያጫውት ዴክ አለመኖሩ ነው። የእንግሊዝም የእኛም ቴሌቪዥን በዚያ ዘመን ፓል በሚባለው ሌላ ሥርዓት ይሠራ ስለነበር የለንደን ካሴቶች አላስቸገሩም። ጂቡቲ ግን የፈረንሳዮቹን ሴካም ነበር የምትከተለው፤ ከዚያ የመጣልን ካሴት በፓል ዴክ ላይ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወጣ። በድሬዳዋ የጂቡቲ ካሴት የሌለበት ቤት ጥቂት ስለሆነ ይህን ቢያሟሉ ሥራ ይበዛላቸዋል። ሐቀኝነታቸውን ግን ልመስክር፦ የዚያን ካሴት ሒሳብ አልተቀበሉኝም።

ስትሄዱ ካሴቱን አታጠንጥኑት፣ ፀሐይ ላይም ይዛችሁ አትቁሙ። ከ6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት በሙቀቱ ምክንያት ይዘጋሉ። ቢያንስ 16 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ ያዙ፤ እነርሱ ጋ ያለው ይወደዳል። ካሴቱን ስታስረክቡም ከመጀመሪያዋ ሰከንድ እስከ መጨረሻዋ እንዲገለበጥ ንገሯቸው፤ ደብተራቸው ላይ ከስማችሁ ጎን ይጽፉታል።