ያልታወቀ ዛጎል፦ በአፕ ወይስ በዓይን?

እስራኤል ውስጥ፣ አሽዶድ ባሕር ዳርቻ ላይ ባለ ሁለት ክፋይ ዛጎል አገኙ፤ ያውም አንዱን ክፋይ ብቻ። ስሙን እንዴት ይወቁ?

አፕ (ዛጎሉን ከፎቶ የሚለይ የስልክ ፕሮግራም)፦ ፈጣን ነው፣ ነጻም ይገኛል። ጀርባውን ብቻ ፎቶ ካነሱ ግን ይገምታል። ማዕበል የፈተገው፣ ቀለሙ የለቀቀ ዛጎልማ ጭራሽ ያሳስተዋል።

ዓይን፦ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኔ ግን የማምነው ይህን ነው። ገልብጠው ማጠፊያውን፣ ማለትም ሁለቱ ክፋዮች የሚገናኙበትን ጠርዝ ይዩ። ጥቃቅን ጥርሶች እንደ ማበጠሪያ ከተደረደሩ፣ እዚያ ዳርቻ የሞላው ግሊሲመሪስ የተባለው የዛጎል ዓይነት ሊሆን ይችላል። ጥርሶቹ ጥቂት፣ የጀርባው ሸንተረሮች ወፋፍራም ከሆኑ ኮክል ወደተባለው ሌላ ዓይነት ያደላል። በዛጎሉ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚታየው መስመር ወደ መሃል ከታጠፈ ደግሞ ባለቤቱ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ይኖር እንደነበር ይጠቁማል።

ከልጆች ጋር ለሽርሽር ከሆነ አፑ ይበቃል። ዛጎል ለሚሰበስብ ሰው ግን ማጠፊያው ይሻላል። አፑን ከተጠቀሙም ውስጡንም ፎቶ ያንሱለት።