ፒያሳ ያለችው ላፕቶፕ ጥገና ቤት፦ ላልተቃጠለ የዋይፋይ ካርድ 2800 ብር ልከፍል ስል ያተረፈችኝ

ሱቋ ሰሌዳ የላትም፣ በሩ ላይ "ላፕቶፕ ጥገና" ተብሎ በማርከር የተጻፈበት ካርቶን ነው ያለው። ፒያሳ (የአዲስ አበባው ሳይሆን የኛ ከተማው)፣ ከድሮዎቹ የጣሊያን ህንጻዎች የአንዱ ጀርባ ናት፣ ሁለት ሰው ከገባ ሶስተኛው በር ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። ማስታወቂያ እንዳይመስላችሁ ደግሞ የማማርርበትም አለኝ፣ እመጣበታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዊንዶስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አበቃ አይደል፣ ከዛ በፊትም በኋላም ማሳሰቢያው ስክሪኔ ላይ እየዘለለ ፋታ ነሳኝ፣ ክፍል ውስጥ ፕሮጀክተር ላይ ስሰካ እንኳን ብቅ እያለ ተማሪው ሁሉ ያነበዋል። ዊንዶስ 11 እንዳልጭን ላፕቶፔ ኮር አይ 5 ሆኖ ስድስተኛ ጀነሬሽን ነው፣ ማይክሮሶፍቶች ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛ ጀነሬሽን በታች ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰር አይቀበሉም፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ምናምንም ይጠይቃሉ። የአክስቴ ልጅ "ይሄማ ቀላል ነው" ብሎ ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ያንን ሁሉ ቼክ የሚያዘልል ፍላሽ ሰርቶ መጣ። እውነትም ተጫነ፣ ፋይሌም አንድ አልጠፋ፣ ደስ ብሎኝ ቡና አፈላሁለት። አቦሉን ጠጥተን ቶናው ሳይቀዳ ዋይፋይ የለም። ደካማ ነው እያልኩ አይደለም፣ ምልክቱ ራሱ የለም! ታችፓዱም በአንድ ጣት ይሄዳል እንጂ በሁለት ጣት ገጽ ላውርድ ስል ድንጋይ ሆነ።

መጀመሪያ የወሰድኩት ሌላ ቤት ነው፣ ስሙ ይቅር፣ መስታወት በመስታወት የሆነ ትልቅ ቤት። ልጁ ከፍቶ አምስት ደቂቃ አየና "ዋይፋይ ካርዱ ተቃጥሏል፣ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፣ 2800 ብር" አለኝ። እሺ ብዬ አስቀመጥኩ፣ ነገ ይመጣል ከነገ ወዲያ ይመጣል እያሉ 12 ቀን ሆነ። እኔን ያናደደኝ 12 ቀኑ አይደለም፣ ዊንዶስ እንደዚህ ከላይ በላይ ሲጫን ወደ ድሮው መመለስ የሚቻለው በ10 ቀን ውስጥ ነው፣ ከዛ የድሮውን ፎልደር ራሱ ያጠፋዋል። ይሄን ያወቅኩት ቀኑ ካለፈ በኋላ። አንድ ሰው እንኳን "ቲቸር እስቲ መጀመሪያ ወደ 10 እንመልሰውና እንየው" አላለኝም፣ ቢመለስ ኖሮ ካርዱ መሞት አለመሞቱ በግማሽ ሰዓት ይታወቅ ነበር።

ላፕቶፔን ተቀብዬ ወጣሁና ስታፍ ውስጥ ያለች ጓደኛዬ በነገረችኝ መሰረት በባጃጅ ወደዚችኛዋ ሱቅ ሄድኩ። ልጁ ገና ሳይከፍተው "ከመበላሸቱ በፊት ምን አድርገውት ነበር?" አለኝ። ዊንዶስ 11 ጫንን ስለው ሳቅ አለና ከመሳቢያው አንድ ፍላሽ አወጣ፣ ሊኑክስ ሚንት የሚባል በዊንዶስ ፈንታ የሚሰራ ሲስተም ያለበት። ሳይጭነው ከፍላሹ ላይ ብቻ አስነሳው፣ ሃርድ ዲስኩን አልነካም። ስክሪኑ እንደበራ ጥጉ ላይ የዋይፋይ ምልክት መጣ፣ ሲጫነው የአካባቢው ስም ሁሉ ተዘረዘረ፣ ካፌው፣ ፎቅ ላይ ያለው ቢሮ፣ የሆነ ሰው ስልክ። "ቲቸር፣ ይሄ ነው የተቃጠለው?" አለኝ። በውነት እዛች በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ 2800 ብሬ ከሞት ሲነሳ ታየኝ።

እዚህ ጋ ነው እኔ ከሌላው ቤት የለየሁት፣ ልጁ እየሰራ ያሳያል። ወደ ዊንዶስ ተመልሶ የላፕቶፑ እቃዎች የሚዘረዘሩበትን ዲቫይስ ማናጀር ከፈተ፣ ሁለት ቢጫ ቃለ አጋኖ። አንዱ "ኮድ 10" ይላል፣ እቃው አለ ግን መነሳት አልቻለም ማለት ነው፣ ካርዱ ጭራሽ ቢሞት ኖሮ ብዙ ጊዜ አይታይም ነበር አለኝ። ዲቴይልስ የሚለው ውስጥ ገብቶ ሃርድዌር አይዲውን፣ የአምራቹን አራትና የሞዴሉን አራት ቁጥርና ፊደል፣ በሎተሪ ትኬት ጀርባ ላይ ጻፈው። ኢንተርኔት በሌለው ላፕቶፕ እንዴት ታወርዳለህ ስለው ስልኩን በቻርጀር ገመድ ሰካና የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ የሚያካፍለውን ዩኤስቢ ቴተሪንግ አበራ፣ አለቀ። ከላፕቶፑ አምራች ገጽ የዊንዶስ 10 ድራይቨሩን (ዊንዶስን ከካርዱ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) አውርዶ በግድ ጫነው፣ ለ10 የተሰራ ድራይቨር አብዛኛው 11 ላይ ይሰራል አለኝ። ታችፓዱ ትንሽ አስቸገረው፣ መጀመሪያ ሲሪያል አይኦ የሚባል የቺፕሴት ድራይቨር ካልገባ የታችፓዱ ብቻውን ዋጋ የለውም፣ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ጭኖ ሁለት ጊዜ ነው የደገመው።

እኔም ጎበዝ ልሁን ብዬ "ባዮሱንም አፕዴት አድርገው በዛው" አልኩት፣ ላፕቶፑ ሲበራ ከዊንዶስ በፊት የሚነሳውን ቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም ማለቴ ነው። እምቢ አለ። ባትሪዬ አስር ደቂቃ አይዝም፣ መሀል ላይ መብራት ከሄደ ቦርዱ እዛው ነው የሚቀረው፣ ባትሪ ቀይረው ይምጡ አለኝ። አስከፍሎኝ መሞከር ይችል ነበር እኮ።

በማግስቱ ክዳኑን ዘግቼ ስከፍተው ዋይፋዩ እንደገና ጠፋ። ተናድጄ ሄድኩ፣ ሳንቲም አልተቀበለኝም፣ የካርዱ ንብረቶች ውስጥ ፓወር ማኔጅመንት የሚለው ጋ "ኃይል ለመቆጠብ ይጥፋ" የምትለዋን ቲክ አነሳ፣ ዊንዶስ ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርገውን ፋስት ስታርትአፕንም አጠፋው፣ ይኸው እስካሁን ደህና ነው። በማይቀበለው ማሽን ላይ ስለተጫነ አፕዴት ለመምጣቱ ዋስትና እንደሌለው፣ ትልቁ የአመቱ ቨርዥን ሲወጣ በፍላሽ መድገም ሊያስፈልገኝ እንደሚችልም ነገረኝ።

ዋጋው 600 ብር። አሁን ምሬቴ፦ 10 ሰዓት ይደርሳል ብሎኝ 12 ተኩል ድረስ ነው ያስቀመጠኝ፣ ስልክ አያነሳም፣ ደረሰኝ ብሎ ነገር አያውቅም (መስሪያ ቤት የሚያስከፍላችሁ ከሆነ አስቡበት)፣ ቻርጀሬንም ከሌላ ሰው ቻርጀር ጋ አቀያይሮ ሰጥቶኝ ከባጃጅ ወርጄ ነው የተመለስኩት። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ እንዳትሄዱ፣ የፕሪሚየር ሊግ ኳስ ካለ ላፕቶፓችሁ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ይጠብቃል እንጂ ልጁ አይነካውም።