ያገለገለ ፎርድ ፎከስ ወይም ፊየስታ ልትገዙ ነው? እስቲ ቆዩ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። በዲቪ ከመጣ ገና ስምንት ወሩ ነው። «ጋሼ፣ መኪና አገኘሁ» አለኝ። ደስታው በስልክ ይሰማል። የ2014 ፎርድ ፎከስ፣ አውቶማቲክ፣ ነጭ፣ 78 ሺህ ማይል የሄደች፣ ዋጋዋ 5,900 ዶላር። «ንጹሕ ናት። ሪኮል የለባትም፣ አክሲደንት የለባትም። ሻጩም የኛው ሰው ነው።» (ሪኮል ማለት አምራቹ ጉድለት ያለበትን መኪና መልሶ ጠርቶ በነጻ የሚጠግንበት ነው።)

«ፈርመሃል?»

«ሰኞ ልፈርም ነው።»

«እንዳትፈርም። መጣሁ።»

ለእሱ የነገርኩትን እዚህም የምጽፈው፣ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያገለገለ መኪና በሚሸጥባቸው ግቢዎች እንደዚህች ያሉ መኪኖች ስለማይጠፉ ነው። ዋጋቸው ዓይን ይስባል። መልካቸው ያምራል። ገዢዎቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ አዲስ የመጡ ልጆች ናቸው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ ፈረንጁ ነው የምጽፈው፤ ግራ እንዳይገባችሁ።)

የፎርድ ጠላት እንዳልሆንኩ ግን አስቀድሞ ይታወቅልኝ። እኔ በዚህች ከተማ 11 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ፣ በፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ። የድሮ ሰዎች ታስታውሷታላችሁ። ፖሊስ ሲነዳት ኖሮ በጨረታ ያወጣታል፣ እኛ ቀለም ቀብተን ታክሲ እናደርጋታለን። ነዳጅ ትጠጣለች፣ አልዋሽም። ግን ሞተሯ ቪ8፣ ሻንሲዋ እንደ ጭነት መኪና፣ ጉድጓድ ቢሉ በረዶ ቢሉ ጉዳይዋ አይደለም። ሆቴል በር ላይ ተሰልፈን ቡና ስንጠጣ ግማሹ ሰልፍ እሷ ነበረች። በ2011 ማምረት ሲያቆሙ ዘመድ የሞተብን ነው የመሰለን።

እና «ፎርድ ነው» ሲባል ልቤ ቶሎ ይከፈታል። ወጥመዱም ይኸው ነው። ስሙ አንድ ነው፣ መኪናው ሌላ ነው።

ስሙ ደግሞ ቀላል ስም አይደለም። ሄንሪ ፎርድ ኩባንያውን በ1903 ከጥቂት ባለ አክሲዮኖች ጋር በ28 ሺህ ዶላር ጀመረው። በ1908 ሞዴል ቲን አወጣ፤ ዋጋው 850 ዶላር ነበር። በ1913 ሃይላንድ ፓርክ በሚባለው ፋብሪካ መኪናው ወደ ሠራተኛው እየተሳበ የሚመጣበትን መስመር ዘረጋ። ድሮ 12 ሰዓት ተኩል ይፈጅ የነበረው ገጣጠማ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወረደ። በዓመቱ የሠራተኛውን የቀን ደሞዝ 5 ዶላር አደረገው። የመኪናው ዋጋም እየወረደ እየወረደ በ1925 እስከ 260 ዶላር ደረሰ። ሞዴል ቲ በ1927 ሲቆም 15 ሚሊዮን ተመርቶ ነበር። መኪና የሀብታም መጫወቻ መሆኑ የቀረው ያኔ ነው። በ2009 ጀነራል ሞተርስና ክራይስለር መክሰራቸውን ሲያውጁ ፎርድ አልከሰረም። ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ንብረቱን ሁሉ፣ ያንን ሰማያዊ ዓርማውን ሳይቀር፣ አስይዞ ከ23 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተበድሮ ስለነበር ነው። አሜሪካኖች ይህን አይረሱለትም።

ሌላም ታሪክ አለው። በ1970ዎቹ ፒንቶ የምትባል ትንሽ መኪና ነበረችው። የነዳጅ ማጠራቀሚያዋ ከኋላ ነው፤ ከኋላ ስትገጭ እሳት ይነሳ ነበር። በ1978 አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል መኪና ጠራ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የ1980ው ነው። ፓርክ ላይ አቁመናት ወደ ኋላ ሄደች የሚል አቤቱታ በዛ። ጉዳዩ በምን አለቀ? ጥገና የለም። ለ23 ሚሊዮን ያህል መኪና በፖስታ ተለጣፊ ወረቀት ተላከ። ማርሹ ፓርክ ላይ በደንብ መግባቱን አረጋግጡ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ሞተር አጥፉ ይላል። አበቃ።

ይቺን ወረቀት ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ፎከስ። ነዳጅ ተወዶ ሰው ሁሉ ትንሽ መኪና ሲፈልግ ፎርድ ለፊየስታ ከ2011፣ ለፎከስ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ አዲስ ካምቢዮ ይዞ መጣ። ስሙን ፓወርሺፍት አለው። የቴክኒክ ስሙ ዲፒኤስ6 ነው። ገዢው «አውቶማቲክ» ተብሎ ነው የሚሸጥለት። ግን በውስጡ አውቶማቲክ አይደለም። ማንዋል ካምቢዮ ነው፤ ፍሪሲዮኑን በእግርህ ፋንታ ኮምፒውተር ይረግጥልሃል። ሁለት ፍሪሲዮን አለው። አንዱ 1ኛ፣ 3ኛና 5ኛ ማርሽን ይይዛል፣ ሌላው 2ኛ፣ 4ኛና 6ኛን። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ነዳጅ ይቆጥባል። ችግሩ ፍሪሲዮኖቹ ደረቅ ናቸው፣ ዘይት ውስጥ አይሠሩም። ከካምቢዮው ዘይት ትንሽ ሾልኮ ከነካቸው መንሸራተትና መንቀጥቀጥ ይመጣል። ትራፊክ ውስጥ ቀስ እያሉ መሄድም ያሞቃቸዋል።

አገር ቤት ዳገት ላይ ፍሪሲዮን ግማሽ ይዛችሁ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ያ ሽታ ትዝ ይላችኋል? ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው ያንን ነው።

ባለቤቶቹ ያሉት በፍርድ ቤትና በመንግሥት መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከቆመበት ስትነሳ ትርገፈገፋለች። ነዳጅ ስትሰጣት ታመነታለች፣ ከዚያ ድንገት ትዘላለች። ዳገት ላይ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። መሐል መንገድ ላይ ኃይል የጠፋበትም አለ። ፍሪሲዮን ይቀየራል፣ ሶፍትዌር ይጫናል፣ ከወራት በኋላ ያው ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በ2012 ካሊፎርኒያ ውስጥ የጋራ ክስ ተመሠረተ፤ ስምምነቱ በመጨረሻ የጸደቀው በ2020 ነው። የ2011 እስከ 2016 ፊየስታና የ2012 እስከ 2016 ፎከስን ይመለከታል። ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ የዚያን ጊዜና የቀድሞ ባለቤቶች ማለት ነው። በ2019 ዲትሮይት ፍሪ ፕሬስ የሚባለው ጋዜጣ የኩባንያውን የውስጥ ሰነዶች አገላብጦ፣ ችግሩ መኪኖቹ ገበያ ሳይወጡ በፊት ይታወቅ ነበር ብሎ ጻፈ። ኩባንያው ደግሞ መኪኖቹ ለደህንነት አያሰጉም ብሎ ተከራክሯል።

የአውስትራሊያው ነው የሚያሳዝነው። እዚያ በ2018 የፌዴራል ፍርድ ቤት የፎርድን ቅርንጫፍ በአገሩ ገንዘብ 10 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። መኪናዬ ትንቀጠቀጣለች ብለው የመጡ አንዳንድ ደንበኞች፣ ችግሩ ከራሳችሁ አነዳድ ነው ተብለው ነበር። ዓይንን በጨው አጥቦ ማለት ይኼ ነው።

እንግዲህ ያቺ ወረቀት። ያኔ በጥገና ፋንታ ወረቀት እንደተላከ፣ ለዚህ መንቀጥቀጥም አሜሪካ ውስጥ ሪኮል አልወጣም። የወጣው የዋስትና ማራዘሚያ ነው። ለፍሪሲዮኑ 7 ዓመት ወይም 100 ሺህ ማይል፣ ለካምቢዮው ኮምፒውተር 10 ዓመት ወይም 150 ሺህ ማይል፣ ቀድሞ የሞላው። ልዩነቱ ይገባችኋል? ሪኮል መኪናውን ተከትሎ ይሄዳል። ማራዘሚያ ግን ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ከዚያ ይሞታል። የ2014 ፎከስ የፍሪሲዮን ሰባት ዓመት ካለፈ ቆየ።

ስለዚህ ሻጩ «ሪኮል የለባትም» ሲል አልዋሸም። በኤንኤችቲኤስኤ (የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት) ገጽ ላይ 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን የሻንሲ መለያ ብታስገቡ ንጹሕ ሊል ይችላል። የአደጋ ታሪክ ሪፖርቱም ንጹሕ ነው፣ አልተገጨችማ። ወረቀቱ ሁሉ ንጹሕ የሆነ፣ ግን ካምቢዮው ከጥንቱ ስም ያወጣ መኪና ነው የምትገዙት። የእህቴ ልጅ ያልገባውም ይህ ነበር። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ የሚታየውን ሁሉ አይቷል። (ለነገሩ ሪኮል ቢኖርባትስ? ያገለገለ መኪና ነጋዴ ሪኮሉን ሳያሠራ እንዳይሸጥ የሚከለክል የፌዴራል ሕግ የለም።)

እሑድ አብረን ሄድን። የሻጩንም የግቢውንም ስም አልጠራም። ሻጩ አማርኛው ጥርት ያለ ነው፣ «ጋሼ፣ ይቀመጡ፣ ቡና ላምጣልዎት?» ይላል። ቡናውን ጠጣሁ። ከዚያ፣ «ሃይዌይ አጠገብ ያለው ዳገት ላይ ወጥቼ፣ ትራፊኩ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ልንዳት» አልኩት።

«ኢንሹራንሳችን አይፈቅድም ጋሼ። ግቢውን አንዴ ይዙሩ።»

«እሺ፣ መካኒክ ይያት። የምከፍለው እኔ ነኝ።»

«ነገ ሌላ ገዢ ይመጣል፤ እንዳያመልጣችሁ ብዬ ነው።»

ይህች መልስ ትበቃኝ ነበር። ግን ወረቀቱን ልይ አልኩ። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው የገዢ መመሪያ «አዝ ኢዝ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ተደርጎበታል። ሕጉ እያንዳንዱ ነጋዴ ይህን ወረቀት እንዲለጥፍ ያስገድዳል። ትርጉሙ፣ ከበሩ ስትወጣ ካምቢዮው ቢወድቅ ያንተ ጣጣ ነው። ቀጥሎ የብድሩ ወረቀት። 1,000 ዶላር ቅድሚያ፣ ከዚያ በወር 210 ለ36 ወር። ስልኬን አውጥቼ ደመርኩ፤ 8,560 ዶላር። መኪናዋ 5,900 አልነበረችም እንዴ? ከታክሱና ከወለዱ መሐል 1,200 ዶላር የ«ሰርቪስ ኮንትራት»፣ ማለትም ለወደፊት ጥገና የሚሸጥ ሽፋን፣ ተሸጉጧል። የእህቴ ልጅ ስለዚህ ምንም አልተነገረውም። ኮንትራቱን ገለጥኩና የማይሸፍነውን የሚዘረዝረውን ገጽ ፈለግሁ። አራተኛው መስመር ላይ፣ ጉንዳን በምታህል ፊደል፣ ፍሪሲዮን የሚያልቅ ዕቃ ስለሆነ አይሸፈንም ይላል። በዚህች መኪና ላይ የሚያሰጋው ዋናው ነገር ፍሪሲዮኑ ነው! የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ተነሳን። «ጋሼ፣ ዋጋ እንነጋገር» እያለ እስከ መንገድ ድረስ ሸኘን።

እንግዲህ እናንተም ከነዚህ መኪኖች አንዷን ካያችሁ፣ መጀመሪያ የማርሹን እጀታ እዩ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ከሆነችና አውቶማቲክ ከሆነች ሌላ ፈልጉ፣ ይኼው ነው ምክሬ። የግድ ከሆነ ሞተሩም ካምቢዮውም ከሞቀ በኋላ ትራፊክ ውስጥ ንዷት፣ ዳገት ላይ አቁማችሁ አስነሷት፣ ፍሪሲዮኑ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ የሚያሳይ ደረሰኝ ጠይቁ። «ሶፍትዌሩ ተስተካክሏል» የሚለው መልስ አይደለም። «ሌመን ሎው አለ፣ ምን ያሰጋል» የሚላችሁ ካለም፣ ያ ብልሹ መኪና ለገዛ ሰው የሚቆም ሕግ በአብዛኛው ስቴት በዋናነት የሚጠብቀው የአዲስ መኪና ገዢን ነው። ደግሞ ልጅ ሲወለድ ወደ ትልቁ ፎርድ፣ ወደ ኤክስፕሎረር የምታዩ አላችሁ። ከ2011 እስከ 2019 ሞዴሉ ባለ 3.5 ቪ6 ሞተር ላይ የውሃ ፓምፑ በሞተሩ ውስጥ ነው፣ በካቴናው ነው የሚዞረው። ሲያፈስ ውሃው ወደ ሞተር ዘይቱ ሊገባ ይችላል። ሳትገዙ በፊት የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጡና እዩ፤ ወተት የመሰለ ዘይት ካያችሁ ኮፈኑን ዘግታችሁ ሂዱ።

የእህቴ ልጅ ሦስት ቀን አኮረፈኝ። አውቶቡስ ላይ ሆኖ ፎቶ ይልክልኛል፣ በረዶው ሲወርድ። ትናንት ማታ ግን ደወለ።

«ጋሼ፣ ሌላ ፎከስ አገኘሁ።»

«አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ?»

«ማንዋል ናት። ባለቤቱ ፈረንጅ ነው፣ ማንዋል የሚነዳ ገዢ አጣሁ ብሎ ዋጋ ቀንሷል። ያ ካምቢዮ ማንዋሉ ላይ የለም አላልከኝም?»

ብዬዋለሁ። እውነትም የለም። ፍሪሲዮኑን የሚረግጠው የራሱ እግር ነው፤ እሱ ደግሞ መንጃ ፈቃዱን ያወጣው አዲስ አበባ፣ ዳገት ላይ በማንዋል ተፈትኖ ነው። ሰውየው መካኒክ ያያት ሲለው «በደስታ» አለው። ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ጋራዥ እንወስዳታለን።