ካሬ ቦርድ መብራት ወይስ ረጅም ዘንግ? ቤዝመንት ውስጥ በሶብላ ለምታበቅሉ

ጥምቀት አለፈ ማለት እኛ ቤት ስልክ የሚበዛበት ወቅት ገባ ማለት ነው። «አንተ፣ ያንን መብራትህን ስንት ነበር የገዛኸው?» «ሊንኩን ላክልኝ እስቲ።» እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤዝመንታችን ውስጥ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ቃሪያና የአበሻ ጎመን እንደማበቅል ያልሰማ ወዳጅ የለም። ሰው ቡና ሊጠጣ ይመጣል። ሲወጣ ጤና አዳም ቀንጥሶ ይሄዳል። በሳምንቱ ደውሎ ስለ መብራት ይጠይቃል። ሊንክ እልካለሁ። እሱ ግን የላክሁትን ትቶ ከጎኑ የተደረደረውን፣ 12 ዶላር የሚረክሰውን ይገዛል። መጋቢት ላይ ደግሞ «ችግኙ ቀጥኖ ቀጥኖ ተኛብኝ» ብሎ ይደውላል።

ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ከወዲሁ ልናገርና፣ ለመደርደሪያ ከሆነ እኔ የረጅም ዘንግ ሰው ነኝ። ሻጮቹ «ሾፕ ላይት» ወይም «ባር» የሚሉትን ቀጭን ረጅም መብራት ማለቴ ነው። ካሬ ቦርድም አለኝ። መጥፎ ዕቃ አይደለም። ለብዙዎቻችሁ ግን አይሆንም።

መጀመሪያ እኔ ራሴ እንዴት እንደተሸወድኩ። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ሁሉም ሰው ቤቱ ተዘግቶ አትክልተኛ በሆነበት ሰሞን፣ ያንን ወይን ጠጅ ቀለም የሚያበራውን ጥቁር የተክል መብራት ሳጥን በ89 ዶላር ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «1000 ዋት» ይላል። ሰክቼ ሳበራው የቤዝመንቱ መስኮት ወይን ጠጅ ሆነ። የባለቤቴ አክስት ከመኪና ሲወርዱ አይተው፣ «ልጄ፣ ምድር ቤቱን ናይት ክለብ አደረጋችሁት እንዴ?» አሉኝ።

የመብራት ፍጆታ የምትለካ፣ ሶኬት ላይ የምትሰካ መሣሪያ በ25 ዶላር ገዛሁ። 108 ዋት አለችኝ። ሌላ ሶኬት ላይ ሞከርኳት። 108። ተንኮሉ ቀላል ነው። ሳጥኑ ውስጥ 100 ኤልኢዲ አለ። እያንዳንዱ ኤልኢዲ በስም «የ10 ዋት» ነው። 10 በ100 አባዙትና 1000 ጻፉበት። በተግባር ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 1 ዋት አካባቢ ነው። ስለዚህ ለአንድ ዋት 9 ሳንቲም የከፈልኩ መስሎኝ፣ የከፈልኩት 82 ሳንቲም ነው።

ከዋቱም በላይ የጎዳኝ ግን ቀለሙ ነው። በዚያ መብራት ስር አረንጓዴ ቅጠል ጥቁር ይመስላል። ጎመኔ ደህና ነው ብዬ ሁለት ሳምንት ውሃ ሳጠጣ ከረምኩ። አንድ ቀን የችግኙን ሰሃን ወደ ኩሽና ይዤ ወጣሁና መስኮት አጠገብ አስቀመጥኩት። ቅጠሉ ግማሹ ቢጫ ነው። ከስሩ ስገለብጠው ክሽክሽ የሚባለው ደቃቅ ተባይ እንደ አሸዋ ተነስንሶበታል። ቤዝመንት ውስጥ አንዷንም አላየኋትም ነበር። የመብራቱ ፋን ደግሞ በሁለተኛው ክረምት (የዚህን አገር የብርድ ወራት ማለቴ ነው) እንደ አሮጌ ወፍጮ ማጓራት ጀመረና ሞተ። ወይን ጠጅ መብራት እንዳትገዙ። በነፃ ቢሰጧችሁም።

ወደ ቦርዱ እንምጣ። ቦርድ ስል በአንድ ጠፍጣፋ አልሙኒየም ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደቃቃ ነጭ ኤልኢዲዎች የተደረደሩበትን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ካሬ ነው። ለምን ካሬ ሆነ? ይህን ገበያ ያሳደጉት በሶብላ የሚያበቅሉ አበሾች አይደሉም። ካናቢስ የሚያበቅሉ ሰዎች ናቸው። እነሱ የሚያበቅሉት በድንኳን ውስጥ ነው። ድንኳኑ 2 ጫማ በ2 ጫማ፣ ወይም 4 በ4 ነው። ቁመቱም ረጅም ነው። ለካሬ ድንኳን ካሬ መብራት። ልክ ነው።

የኔና የናንተ ቤት ያለው ግን ያ የሽቦ መደርደሪያ ነው። 4 ጫማ ርዝመት፣ 18 ኢንች ወርድ። በሁለቱ ፎቅ መካከል ያለው ክፍተት ከክንድ አይበልጥም። ቦርድ ብርሃኑን እንዲዘረጋ ከቅጠሉ ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት ይፈልጋል። መደርደሪያው ያንን ቦታ ከየት ያመጣል?

139 ዶላር አውጥቼ የገዛሁትን ባለ 100 ዋት ቦርድ መሃል ላይ ሰቀልኩትና በስልኬ የብርሃን መለኪያ ለካሁት። የስልክ መለኪያ ትክክለኛ አይደለም፤ ለማወዳደር ግን ይበቃል። መሃል ላይ 38,000 ሉክስ። መደርደሪያው ጫፍ ላይ 4,000። ይህን ችግኙ ራሱ ይነግራችኋል። መሃል ያለው በሶብላ ቅጠሉ ተኮማትሮ ጠርዙ ነጣ። ጫፍ ላይ ያለው ቃሪያ አንገቱን ወደ መሃል ዘርግቶ ቀጠነ። በየሁለት ቀኑ ሰሃን ሳለዋውጥ ባለቤቴ «አንተ ደግሞ፣ ልጅ ነው እንዴ የምታስተኛው?» ብላ ሳቀችብኝ።

እዚያው ቦታ ባለ 40 ዋት ረጃጅም ዘንጎች ሦስት ጎን ለጎን ሰቀልኩ። ከቅጠሉ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አድርጌ። መሃል 17,000፣ ጫፍ 10,000 ሉክስ። ከዚያ ወዲህ ሰሃን አላንቀሳቀስኩም።

አሁን ብር። አንዱ ዘንግ 18 ዶላር፣ ሦስቱ 54 ዶላር። ሰንሰለቱና ገመዱ አብሮ ነው። ቦርዱ 139። እርግጥ ጥሩ ቦርድ ከአንድ ዋት የሚያወጣው ብርሃን ከዘንጉ ይበልጣል። ይህን አልክድም። ዘንጎቼ 120 ዋት ይበላሉ፣ ቦርዱ 100። በቀን 16 ሰዓት፣ በወር 30 ቀን አብሩት። ቦርዱ 48 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ዘንጎቹ 57.6። የኔ የመብራት ቢል ላይ ሁሉም ተደምሮ ኪሎ ዋት ሰዓቱ 18 ሳንቲም አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ 8 ዶላር ከ64 እና 10 ዶላር ከ37 ነው። ልዩነቱ በወር 1 ዶላር ከ73 ሳንቲም። በአንድ ክረምት፣ ማለትም በአራት ወር፣ 7 ዶላር አይሞላም። ቦርዱ በግዢ የሚበልጠውን 85 ዶላር በመብራት ቢል ለመመለስ 12 ክረምት ይፈልጋል ማለት ነው። እስከዚያ በሕይወት ካለ።

ካለ ያልኩት በምክንያት ነው። በሦስተኛው ክረምት የቦርዴ አንድ መስመር ጠፋ። ኤልኢዲዎቹ በተርታ የተያያዙ ናቸው። አንዷ ስትበጠስ ከእሷ ጋር ያሉት ሁሉ አብረው ይጠፋሉ። ጥርሱ የወለቀ አፍ መሰለ። ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ልጅ አሳየሁት። አልሙኒየሙ ሙቀቱን እየሳበ ብየዳው አስቸጋሪ ነው፣ 60 ዶላር ያስከፍልሃል አለኝ። ተውኩት። እንደወለቀ ይሠራል። በሚቀጥለው ዓመት ከዘንጎቹ አንዱ ሞተ። አውርጄ ጣልኩት፣ 18 ዶላር ከፍዬ ሌላ ሰቀልኩ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። የቀሩት ሁለቱ በመሃል እየበሩ ነበር።

የኮፒውን ጉዳይ ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። አንድ ጓደኛዬ «ያንተው ነው፣ በግማሽ ዋጋ አገኘሁት» ብሎ በ65 ዶላር የገዛውን ቦርድ ይዞ መጣ። ማስታወቂያው ላይ «ሳምሰንግ ኤልኤም301ቢ» ይላል። ይህ በአትክልት መብራት ሰዎች ዘንድ ስም ያለው ኤልኢዲ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ስሙን ይለጥፋል። ብልሃቱ ይኸውላችሁ። መብራቱን አጥፉ። የስልክ ካሜራችሁን አስጠግታችሁ ከኤልኢዲዎቹ አንዷን ፎቶ አንሱና አጉሏት። ኤልኤም301 በሁሉም ጎን 3 ሚሊ ሜትር ነው። እኩል ካሬ። ርካሹ፣ 2835 የሚባለው፣ 2.8 በ3.5 ነው። አንዱ ጎኑ ረዘም ይላል። የጓደኛዬ ረዘም ያለው ሆነ። ካሬ ስለሆነ ብቻ ሳምሰንግ ነው ማለት አይደለም። ኤልኤም301 ተብሎ ረዘም ካለ ግን ውሸት ነው፤ ተከራክራችሁ መልሱት።

የባሰው ግን ሌላ ነበር። ቦርዱን ስገለብጠው ድራይቨር የለውም። ድራይቨር የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለኤልኢዲዎቹ እንዲስማማ አድርጎ የሚያቀብለው ሳጥን ነው። በዚህ ቦርድ ላይ ገመዱ በቀጥታ ሄዶ ቦርዱ ላይ ተበይዷል። የድራይቨሩን ሥራ የሚሠሩት በኤልኢዲዎቹ መካከል የተለጠፉ ትናንሽ ጥቁር ቺፖች ናቸው። 120 ቮልት፣ ሰው በየቀኑ ውሃ የሚረጭበት ቦታ ላይ! ቺፑ ከተቃጠለ ደግሞ ቦርዱ በሙሉ ወደ ቆሻሻ ነው። ድራይቨሩ ለብቻው ከሆነ ከ25 እስከ 40 ዶላር አውጥታችሁ እሱን ብቻ ትቀይራላችሁ። እዚህም ኮፒ አለ። ሚን ዌል የታወቀ የታይዋን ድራይቨር ነው። ስሙን በአንድ ፊደል አጣመው የሚለጥፉ ሞልተዋል። ፊደሉን አንድ በአንድ አንብቡ።

ዘንግም ከኮፒ ነፃ አይደለም። አንዴ በ9 ዶላር «40 ዋት» የሚል አገኘሁና እጄን በላኝ። ለካሁት፤ 22 ዋት። ጀርባው ፕላስቲክ ነው፣ እንደ ባዶ ካርቶን ይቀላል። አሁን ሱቅ ገብቼ ሳላነሳ አልገዛም። አልሙኒየም ያለው ክብደቱ እጅ ላይ ይታወቃል። የዩኤል ወይም የኢቲኤል ምልክትም፣ ማለትም ዕቃው ለደኅንነት መፈተሹን የሚያሳየውን፣ እፈልጋለሁ። ቀኑን ሙሉ ሰው በሌለበት የሚበራ ነገር ነው፣ ከላያችን ደግሞ ልጆች ይተኛሉ። በጥቅል የሚሸጠውን ተለጣፊ የኤልኢዲ ሪባን እንዳትሞክሩት። ሙጫው በሙቀት ይለቃል። ጎመናችሁ ላይ ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ።

ክቡ፣ ዩፎ የሚባለውስ? ያው ወይን ጠጁ ነው፣ በክብ ሳጥን። አንድ ነጥብ ላይ የሚያቃጥለው ኮብ? ለጣሪያ ከፍታ ጥሩ ነው፣ ለመደርደሪያ አይሆንም። አንገቱ እንደ ዝይ የሚታጠፈውና ጠረጴዛ ላይ የሚቆነጠጠው ለአንዲት የጤና አዳም ማሰሮ ይበቃል። ለሰሃን ሙሉ ችግኝ አይበቃም።

ካሬ ቦርድ የሚያዋጣው መቼ ነው? አንድ ትልቅ ማሰሮ፣ አንድ ረጅም ተክል ሲኖራችሁ። ጌሾ፣ ሎሚ፣ ቡና። ብርሃኑ መሃል ላይ መጠንከሩ እዚህ ጥቅም ነው፤ ከላይ ቅጠል አልፎ ወደ ታችኛው ይደርሳል። ለዚህ ከሆነ ድራይቨሩ የተለየ፣ ብርሃኑን የሚቀንስ የሚጨምር ማዞሪያ ያለውን ግዙ። ከ100 ዶላር በታች ከሆነ ግልብጥ አድርጋችሁ እዩት።

አዲስ አበባ ላለ ዘመድ መላክ ለምታስቡ፦ የአሜሪካው ሾፕ ላይት ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት ብቻ ነው። አንድ ወዳጄ በሻንጣ ወስዶ 220 ላይ ሰካው፣ ጧ አለና አለቀ። ጀርባው ላይ «ከ100 እስከ 277» የሚል ካለ ይሠራል። ግን ለምን? እዚያ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ትሰጣለች። እዚህ ታኅሣሥ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል እንኳ በጭንቅ ነው።

የኔ ሦስት ዘንጎች በ8 ዶላር ታይመር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይበራሉ፣ ማታ 4 ሰዓት ይጠፋሉ። ግንቦት ሳይገባ ችግኝ ወደ ውጭ ማውጣት እዚህ ቁማር ነው፤ አንድ ሌሊት ውርጭ ይበቃዋል። ያ ጥርሱ የወለቀው ቦርድ አሁን ጥግ ላይ ካለችው ጌሾ በላይ ተሰቅሏል። ሽጥልኝ ያላችሁኝ ሁለት ሰዎች አላችሁ። አልሸጥም፣ ጌሾዋ ወዳዋለች።