ሲምፕሰን በረሃ፦ ፍሬንች ላይን ይሻላል ሪግ ሮድ?

አውስትራሊያ ሄዳችሁ ሲምፕሰንን በቡድን ልትሻገሩ ነው? ሁለቱም መንገዶች ከመሬት ውስጥ ነዳጅ ፍለጋ የመጡ ሰዎች የተዉት ናቸው።

ፍሬንች ላይን፦ አጭርና ቀጥ ያለ። የአሸዋው ጉብታ ግን አያልቅም፣ አንዱን ወጣሁ ስትሉ ሌላው ተገትሮ ይጠብቃችኋል። የጎማውን አየር ካልቀነሳችሁ ላንድክሩዘሩ አፍንጫውን ሽቅብ ቀስሮ ቁጭ ይላል፤ ከዚያ አካፋ ፍለጋ ነው። ነዳጅም ይጠጣል።

ሪግ ሮድ፦ ይረዝማል። ተጨማሪ ውሃና ቀን ያዙ። ጉብታዎቹ ለከባድ መኪና ተብለው በሸክላ አፈር ስለተለበጡ ይቀላል፣ አሁን ቦታ ቦታው ቢቦረቦርም።

መሃል ላይ ማደያ የለም። በረሃው ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 በሙቀቱ ምክንያት ዝግ ነው።

አሸዋ የለመዱ ሹፌሮችና ሬዲዮ ካላችሁ ፍሬንች ላይን፤ ጀማሪ ከበዛና ካልቸኮላችሁ ሪግ ሮድ። ተጎታቹን ግን፣ በእናታችሁ፣ እቤት ተዉት።