የዓለም ዋንጫን መክፈቻ በጣና ዳር፦ ስክሪን ዘርግቶ ተመልካች ስለሚጠራ አንድ መዝናኛ

በባሕር ዳር የዓለም ዋንጫን ከቤት ወጥተው ለማየት ለሚያስቡ፣ በተለይም ልጆችና ሽማግሌዎች ይዘው ለሚወጡ ሰዎች ይጠቅም እንደሆነ በማለት፣ እሑድ ኅዳር 11 ቀን 2015 ዓ.ም. የኳታሩን የመክፈቻ ሥነ ሥርዓት ስላየንበት የጣና ዳር መዝናኛ አስተያየቴን እጽፋለሁ። የቤቱን ስም አልጠራም፤ ጉድለቱ ሊታረም የሚችል በመሆኑና ባለቤቶቹም ቅን ሰዎች በመሆናቸው በስም ማንሣቱ ተገቢ መስሎ አልታየኝም። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ቤቱ ኳስ ለማየት እጅግ የተመቸ ነው፤ የመክፈቻውን ሥነ ሥርዓት ግን ኳሱ እስኪጀምር ድረስ እንደሚያልፍ ትርፍ ጊዜ ስለቆጠረው፣ ለእርሱ ሲል የመጣውን ብዙ ተመልካች አሳዝኗል።

በኢትዮጵያና በኳታር መካከል የሰዓት ልዩነት የለም። ሥነ ሥርዓቱ የጀመረው 11 ሰዓት ከ40 ገደማ ሲሆን፣ የኳታርና የኢኳዶር ጨዋታ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ነበር። በኅዳር ወር ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ፣ የመክፈቻው አብዛኛው ክፍል የተላለፈው ገና ብርሃን ሳለ ነው። ቤቱ ያዘጋጀው ደግሞ ፕሮጀክተር ነበር። በሁለት ግንዶች መካከል የተወጠረው ነጭ አቡጀዴ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ስለነበር ያዘቀዘቀችው ፀሐይ በቀጥታ አረፈችበት፤ ከፊት የተቀመጥነው ሰዎች ያየነው ቀለሙ የነጣ፣ የሚንቀሳቀስ ጥላ ብቻ ነበር። አዋቂዎቹ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው አንገታቸውን አሰገጉ። ልጆች ከወንበራቸው ወርደው ጨርቁ ሥር ቆሙና፣ አንዱ ሕፃን ጣቱን አቡጀዴው ላይ ጭኖ «እማዬ፣ እዚህ ጋ ሰው አለ» እያለ ለእናቱ ያሳያት ጀመር። ከኋላ ባለው ባር ውስጥ አንድ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን እንዳለ ያስታወሰ ሰው ተነሥቶ ሲሄድ ብዙዎቻችን ተከተልነው፤ ስለዚህ መክፈቻውን ያየነው እንዲያ ባለ ሰፊ ግቢ ተቀምጠን ሳይሆን በባሩ በር ላይ ተጠጋግተን ቆመን ነው።

የብርሃኑ ጉዳይ በአንድ ምሽት የሚስተካከል ነው። ቴሌቪዥኑን እስኪመሽ ድረስ ወደ በረንዳው አውጥቶ ፕሮጀክተሩን ከጨለመ በኋላ መክፈት በቂ ነው። እኔን ይበልጥ የከነከነኝ ድምፁ ነው። ቤቱ የያዘው ጣቢያ ሥርጭቱን በዓረብኛ የሚያስተላልፍ ሲሆን፣ አስተናጋጆቹ ሰው አይሰማውም ብለው ይመስለኛል የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘግተው የቤቱን ሙዚቃ ከፍተውት ነበር። ኳስን ያለ አስተላላፊ ድምፅ ማየት ይቻላል፤ ጎሉ ጎል ነው። የመክፈቻ ሥነ ሥርዓት ግን ድምፁ ከተወሰደበት ምኑም አይገባም፤ ማን ማንን ሰላም እንዳለ፣ ለምን እንደተቀመጡ፣ ምን እንደተባባሉ ሳያውቅ ተመልካቹ በአልባሳትና በመብራት ብቻ ይቀራል። ሙዚቃው እንዲዘጋ የጠየቁት በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ናቸው፤ «ልጄ፣ ዘፈኑንማ ነገም እንሰማዋለን» ሲሏቸው አስተናጋጁ ወዲያው ዘጋው፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል።

ድምፁ በተመለሰበት ጊዜ ተዋናዩ ሞርጋን ፍሪማንና ወጣቱ ኳታራዊ ጋኒም አል ሙፍታሕ ፊት ለፊት ተገናኝተው ይነጋገሩ ነበር። አል ሙፍታሕ የታችኛው የአካሉ ክፍል ሳያድግ የተወለደ፣ በእጆቹ የሚንቀሳቀስ፣ የውድድሩም አምባሳደር ተደርጎ የተመረጠ፣ ያኔ 20 ዓመቱ የነበረ ወጣት ነው። ምስሉ እንደታየ በባሩ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ከንፈር ተመጠጠ፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ዓይነት ሰው ሲታይ ቀድሞ የሚመጣው ይህ ነው። ወጣቱ ግን አንገቱን ቀና አድርጎ፣ በጠራ ድምፅ ከቁርኣን ሲያነብ ከንፈር መምጠጡ ቆመ። ከመካከላችን አንዱ ወደ አንድ ሽማግሌ ዞሮ «ሐጂ፣ ምን እያለ ነው?» አላቸው። እርሳቸውም ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ ጥቅሱ ሰዎች ሁሉ ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት እንደተፈጠሩ፣ በጎሳና በነገድ የተከፋፈሉትም እርስ በርስ ይተዋወቁ ዘንድ እንደሆነ የሚናገር መሆኑን አስረዱን። በማግሥቱ የኅዳር ሚካኤል በዓል ስለነበር ነጠላቸውን ለብሰው የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ እነርሱም ሐጂን እያዩ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። አንድ አስተላላፊ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ በዚያች ደቂቃ የሠሩልን እርሳቸው ናቸው። ቤቱ እንዲህ ባለ ቀን ዓረብኛ የሚያውቅ አንድ ሰው ከማይክሮፎን ጋር ቢያቆም ወይም በአማርኛ የሚያስተላልፍ ጣቢያ ቢመርጥ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ያኔ ተረዳሁ።

የቀረውን ተመልካቹ እንደየዕድሜው ተካፈለው። ወጣቶቹ ከደቡብ ኮሪያው የሙዚቃ ቡድን ቢቲኤስ የመጣው ጃንግኩክ ከኳታሩ ዘፋኝ ፋሃድ አል ኩባይሲ ጋር መድረክ ላይ ሲወጣ ስልካቸውን አነሡ፤ ልጆቹ ያለፉት የዓለም ዋንጫዎች ምልክት የነበሩት አሻንጉሊቶች በአንድነት ሲወጡ ጮኹ፤ ትልልቆቹ ደግሞ ኤሚሩ ሼህ ታሚም ንግግር ከማድረጋቸው በፊት አባታቸው በወጣትነታቸው በአሸዋ ላይ ኳስ ሲጫወቱ የሚያሳየውን አሮጌ ፊልም ወደዱት። ዶሃ የሚሠሩ እኅቶች ያሏቸው ሁለት ሴቶች ካሜራው ተመልካቹን ባሳየ ቁጥር ፊት ይፈልጉ ነበር። ስታዲየሞቹን የገነቡት ስደተኛ ሠራተኞች ስለደረሰባቸው በደል ያነሣ ወጣትም ነበረ፤ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ጋር በዘመድ የተሳሰረ ሰው በሞላበት ቤት ይህ ጥያቄ መነሣቱ ትክክል ነው፤ ማንም ዝም በል አላለውም።

በጣም የቆየው ወሬ ግን ስለ ስታዲየሙ ነበር። አል ባይት የዘላን ዓረቦችን ድንኳን አምሳል ይዞ የተሠራ፣ 60 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ስታዲየም ነው፤ ከላይ ሲታይ አንድ ተመልካች «የእኛስ?» አለ። የዚህ ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ እኮ እዚሁ ባሕር ዳር ተደርጓል። ጳጉሜን 2 ቀን 2013 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ዚምባብዌን 1 ለ 0 ያሸነፉት፣ መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 የተሸነፉት በባሕር ዳር ስታዲየም ነው። ከዚያ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሙ መስፈርቱን አያሟላም ብሎ ስላገደው ቡድናችን ጋናን በሜዳው ለማስተናገድ እስከ ጆሃንስበርግ ለመሄድ ተገደደ። በእነዚያ ጨዋታዎች ሜዳ ገብተው የነበሩ ሰዎች ከእኔ ጋር ቆመው ነበር፤ የድንኳኑን ጣሪያ ሲያዩ የተናገሩት ከቅናት ይልቅ ቁጭት ነበር፤ እኔም ቁጭቱን እጋራለሁ።

ጨዋታው ሲጀምር ጨልሞ ስለነበር ሁላችንም ወደ ግቢው ተመለስን፤ ከዚህ በኋላ ስለ ቤቱ የምናገረው ምስጋና ነው። ምስሉ ጥርት ብሎ ከየትኛውም ወንበር ይታያል፤ ወንበሮቹ ሰው እንዳይጋርድ ተራርቀው ተደርድረዋል። የኢኳዶሩ ኢነር ቫሌንሲያ የመጀመሪያ ጎል በቪዲዮ ዳኝነት (ቫር) ሲሻር የተነሣው ጫጫታም፣ ከዚያ በፍጹም ቅጣት ምትና በጭንቅላት ያስቆጠራቸው ሁለቱ ጎሎችም በቅጡ ታይተዋል። አዘጋጅ አገር የመክፈቻ ጨዋታውን ሲሸነፍ በዓለም ዋንጫ ታሪክ ያ የመጀመሪያው ነው። መብራት አንድ ጊዜ ሄዶ ነበር፤ ጄኔሬተሩ ሳይዘገይ ቢነሣም ዲኮደሩ እንደገና ተከፍቶ ሥርጭቱን እስኪይዝ ድረስ ጥቂት ደቂቃዎች አመለጡን። ለዲኮደሩና ለፕሮጀክተሩ መብራት ሲሄድ ኃይል የሚያቆይ አንድ ዩፒኤስ ቢገዛ ችግሩ ይወገዳል።

ምግቡ ለብቻው የሚያስመጣ ነው። የቀረሶ ጥብሱ ከጣና በዚያው ቀን የወጣ ለመሆኑ ሥጋው ይናገራል፤ ከአጥንቱ በቀላሉ ይላቀቃል፣ ዘይት አይጠጣም፣ ዳጣውም በልኩ ያቃጥላል። አሳ ጉላሹ ቲማቲም በዝቶበት ጣዕሙን ስለሸፈነው አልመክረውም። ለዓለም ዋንጫው ሲባል በዋጋ ዝርዝሩ ላይ የተጨመረ ነገር አላየሁም፤ ለመግቢያም አልተከፈለም። አስተናጋጆቹ ትሑታን ቢሆኑም ምስሉ ፊት እየተመላለሱ ትዕዛዝ የመቀበል ልማዳቸውን ሊተዉት ይገባል። የሐይቁ ዳር ቢምቢ ከ12 ሰዓት በኋላ ይበረታል፤ ወቅቱም የወባ ስለሆነ ለልጆች እጅጌው ረጅም ልብስ መያዝ ያስፈልጋል።

የምድብ ጨዋታዎቹ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 7፣ ከቀኑ 10፣ ከምሽቱ 1 እና ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ይካሄዱ ነበር። ለቀን ጨዋታዎች ይህን ቤት አልመርጥም፤ ምክንያቱ ያው ፀሐዩ ነው። የ1 ሰዓቱ ለቤተሰብ ተስማሚ ነበር። የ4 ሰዓቱ እኩለ ሌሊት ላይ ስለሚያልቅ የሚመለሱበትን ባጃጅ አስቀድሞ መነጋገር ይበጅ ነበር። የፍጻሜው ጨዋታ የተያዘው ለታኅሣሥ 9 ቀን 2015 ዓ.ም. 12 ሰዓት ነበር፤ ይህም ማለት የመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ልክ እንደ መክፈቻው ጨርቁ ላይ ፀሐይ ሳለ የሚተላለፍ ነበር፤ ዕለቱም በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል አሳ የማይበሉ ጿሚዎች በብዛት የሚመጡበት ነበር። የቤቱን ኃላፊ ሂሳብ ስከፍል አነጋግሬያቸው ቴሌቪዥኑ ወደ በረንዳው እንዲወጣ፣ የአማርኛ ሥርጭት እንዲፈለግ፣ የጾም በያይነቱም እንዲዘጋጅ ጠይቄአለሁ፤ ሦስቱንም በማስታወሻቸው ላይ ጻፉ።