በሚኒሶታ ቤት ለምታከራዩ ወገኖች፦ የፈነዳ ቧንቧ የማይሸፍን ኢንሹራንስ እየተሸጠላችሁ ነው

በሚኒያፖሊስ፣ በሴንት ፖልና በዙሪያቸው ባሉ ከተሞች ቤት የምታከራዩ ሁሉ፣ የበረዶው ወራት ሳይገባ የኢንሹራንስ ውላችሁን ከመሳቢያ አውጡና የመጀመሪያዎቹን ገጾች ተመልከቱ። «ዲፒ 1» (በእንግሊዝኛ DP-1፣ ለኪራይ ቤት ከሚሸጡት የኢንሹራንስ ውል ዓይነቶች አንዱ) የሚል ካያችሁ፣ የያዛችሁት ውል ለዚህ አገር ብርድ የሚሆን አይደለም። አረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምትከፍሉት ገንዘብ፣ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ወገን እየፈረመው ነው። ወኪሎችም «ለባንኩ ይበቃል» እያሉ ይሸጡታል። ባንኩ የሚያስበው ላበደረው ገንዘብ ነው። ቧንቧ ሲፈነዳ ቤቱን የምትጠግኑት ግን እናንተ ናችሁ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ የምቀርባቸው አባት ላይ የደረሰው ነው። ዘመናቸውን ሙሉ ታክሲ ነድተው ባጠራቀሙት ገንዘብ ሁለት ቤተሰብ የሚያኖር ዱፕሌክስ ገዝተው ያከራያሉ። በጥር ከባድ ብርድ የላይኛው ቤት ወጥ ቤት ውስጥ፣ በሰሜን በኩል ባለው የውጭ ግድግዳ የሚያልፈው የውኃ ቧንቧ ውስጡ ያለው ውኃ ረግቶ ቧንቧውን ሰነጠቀው። ስንጥቁ ከጣት አይረዝምም። ውኃ ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር መዳብም ቢሆን አይችለውም። ክፋቱ ደግሞ ቧንቧው በረዶ እንደሆነ ሳለ ምንም አይታይም፤ ውኃው መፍሰስ የሚጀምረው በረዶው ሲቀልጥ ነው። ተከራዮቹ ሥራ ውለው ሲመለሱ የወጥ ቤቱ ወለል አብጦ ጣውላው ተነሥቶ ነበር፤ የታችኛው ቤት ጣሪያም ረጥቦ ምንጣፉ ላይ ወድቋል።

ማሞቂያው እየሠራ ነበር። ተከራዮቹ ቤቱን አልለቀቁም። የኪራይ ውሉ በደንብ የተጻፈ ነው። እኚህ አባት አንድም ነገር አላጎደሉም። ኢንሹራንሱ ግን አንዲት ሳንቲም እንደማይከፍል የሚገልጽ ደብዳቤ ላከ። አንብብልኝ ብለው ሲሰጡኝ ከውሉ ጋር አስተያየሁት። ውሉ የሚሸፍናቸውን አደጋዎች አንድ በአንድ ይዘረዝራል፦ እሳት፣ መብረቅ፣ ፍንዳታ፣ ነፋስ፣ የበረዶ ጠጠር፣ ጭስ፣ ሁከት፣ ቤቱን የሚገጭ ተሽከርካሪ። የቧንቧ በብርድ መፈንዳት በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከቧንቧ የሚፈስ ውኃም የለም። በጣሪያ ላይ የተከመረ በረዶ በክብደቱ የሚያደርሰው ጉዳት እንኳ የለም። በሚኒሶታ!

ወኪሉ የእኛው ሰው ነው፤ ስሙን አልጠራም። ሲሸጥላቸው «ሁሉን ይሸፍናል» ብሏቸዋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት አባቶቻችን ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው። የሚያናድደኝም ይህ ነው። እንግሊዝኛውን በደንብ የማያነብ ሰው አገሩን፣ ቋንቋውንና ቤተ ክርስቲያኑን አምኖ ይፈርማል፤ ያንን እምነት ለርካሽ ውል መሸጫ ማዋል ነውር ነው።

ለኪራይ ቤት በብዛት የሚሸጡት ውሎች ሦስት ዓይነት ናቸው። ዲፒ 1 ከላይ ያልኩት ነው፤ የተዘረዘረውን ብቻ ይሸፍናል። ካሳውንም ብዙውን ጊዜ የሚያሰላው የእርጅና ዋጋ ቀንሶ ነው፤ 15 ዓመት ያገለገለ ወለል ሲበላሽ የአዲስ ወለል ዋጋ አታገኙም ማለት ነው። ዲፒ 2 በዝርዝሩ ላይ የቧንቧ መርጋትን፣ ድንገት የሚፈስ ውኃንና የበረዶ ክብደትን ይጨምራል። ዲፒ 3 ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል፤ ሕንፃውን በተመለከተ ውሉ ለይቶ ካላስቀረው በስተቀር ድንገተኛ ጉዳትን ሁሉ ይሸፍናል። ጉዳቱ እንደማይሸፈን የማስረዳቱም ሸክም ወደ ኩባንያው ይዞራል። ለዚህ አገር ብርድ እኔ የምመክረው ዲፒ 3ን ነው። የአረቦኑ ልዩነት ያማል፤ ግን አንድ የረጠበ ጣሪያ ከነወለሉ ለማስጠገን የሚጠይቀው ገንዘብ የብዙ ዓመት ልዩነት ይበላል።

ዲፒ 3 የያዛችሁም ቢሆን እንዳትዘናጉ። ብርድን በተመለከተ ውሉ አንድ ግዴታ ይጥላል፦ ቤቱን ለማሞቅ ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረግ፣ ያለዚያም ውኃውን ዘግቶ ቧንቧዎቹን ባዶ ማድረግ። ብዙ አከራይ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በነጠላ ቤቶች የጋዙ ሒሳብ ብዙ ጊዜ በተከራዩ ስም ነው። ተከራዩ በታኅሣሥ ወጥቶ ሒሳቡን ሲዘጋ ማሞቂያው ሊጠፋ ይችላል፤ አከራዩ የሚያውቀው አዲስ ተከራይ ሊያሳይ በሩን ሲከፍት ነው። ብዙ የጋዝና የመብራት ድርጅቶች ተከራይ ሲለቅ አገልግሎቱ ሳይቋረጥ ወደ አከራዩ የሚዞርበት ስምምነት አላቸው። ደውላችሁ ዛሬውኑ ተመዝገቡ። ባዶ ቤት ቴርሞስታቱ ከ55 ፋራናይት በታች አይውረድ። ሰው ለሚኖርበት ቤትማ የሚኒሶታ ሕግ ራሱ ከጥቅምት 1 እስከ ሚያዝያ 30 በፈረንጅ አቆጣጠር ቢያንስ 68 ፋራናይት ሙቀት እንዲኖር አከራዩን ያስገድዳል። ቤቱን የተመለከታችሁበትን ቀን ጻፉ፣ ቴርሞስታቱን ፎቶ አንሡ፣ የጋዝ ደረሰኙን አትጣሉ፤ ጥንቃቄ ማድረጋችሁ የሚታወቀው በማስረጃ ነው። ቤቱ ከ60 ተከታታይ ቀናት በላይ ባዶ ከቆየ ደግሞ በብዙ ውሎች ሌላ ሰው ሆን ብሎ ለሚያደርሰው ጥፋት ካሳ አይከፈልም። አንዳንዱ ውል 30 ቀን ይላል፤ የናንተ ስንት እንደሚል እዩ።

ሌላው ዝም ብዬ የማላልፈው፣ ቀድሞ ይኖሩበት የነበረውን ቤት ሳያሳውቁ የሚያከራዩ ወገኖች ጉዳይ ነው። በብሩክሊን ፓርክ ቤት ገዝታችሁ ኖራችሁ፤ ልጆች ሲበዙ ሰፊ ቤት ገዛችሁና የመጀመሪያውን አከራያችሁ። ኢንሹራንሱ ግን ያው የባለቤት መኖሪያ ውል ሆኖ ቀረ። ያ ውል የተጻፈው ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ቤት ነው። ኩባንያው በየወሩ አረቦኑን ቢቀበልም፣ አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቤቱ ውስጥ ማን እንደሚኖር ነው። ለኩባንያው አሳውቃችሁ ውሉን ቀይሩ።

የኃላፊነት ሽፋንም፣ ማለትም በቤታችሁ ሌላ ሰው ተጎድቶ ብትከሰሱ የሚከፍለው፣ እንዳለ አረጋግጡ፤ ዲፒ ውሎች በመሠረቱ ለንብረት የተጻፉ ስለሆኑ ይህ ሽፋን ካልተጨመረ በውስጣቸው የለም። በሚኒያፖሊስ የነጠላ ቤትና የዱፕሌክስ ባለቤት በረዶ መጣሉን ባቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ የእግረኛውን መንገድ መጥረግ አለበት። በረጋው በረዶ ላይ አንድ ሰው ወድቆ ዳሌው ቢሰበር የቤቱ ባለቤት ሊከሰስ ይችላል። የጎርፍ አደጋ በእነዚህ ውሎች አይሸፈንም። የፍሳሽ ቧንቧ ተመልሶ ምድር ቤት ሲሞላም ተጨማሪ ሽፋን ካልገዛችሁ ካሳ የለም። የተከራዩ ዕቃ የእናንተ ውል ጉዳይ አይደለም፤ የራሱን የተከራይ ኢንሹራንስ እንዲገዛ በኪራይ ውሉ ላይ አስፍሩት። የኪራይ ገቢ ካሳም የሚከፈለው ቤቱ ከአገልግሎት ውጭ የሆነው ውሉ በሚሸፍነው አደጋ ከሆነ ብቻ ነው፤ ተከራይ አልከፍልም ስላለ አይከፈልም።

ተቀናሹንም፣ ማለትም ኩባንያው ከመክፈሉ በፊት ከኪሳችሁ የምታወጡትን ድርሻ፣ በደንብ ተመልከቱ። እዚህ የበረዶ ጠጠር ጣሪያ ስለሚያበላሽ፣ ለነፋስና ለበረዶ ጠጠር የተለየ ተቀናሽ በመቶኛ የሚያስቀምጡ ውሎች አሉ። «2 በመቶ» ሲባል ትንሽ ይመስላል። የሚሰላው ግን ቤቱ በውሉ ላይ ኢንሹራንስ ከተገባለት ሙሉ መጠን ነው፤ 300,000 ዶላር ኢንሹራንስ ለተገባለት ቤት 6,000 ዶላር ከኪስ ይወጣል።

ከመፈረማችሁ በፊት ወኪሉን በኢሜይል ጠይቁት፦ ውሉ ከዲፒዎቹ የትኛው ነው? ቧንቧ በብርድ ቢፈነዳ ይከፍላል? ካሳው በአዲስ ዋጋ ነው ወይስ እርጅና ተቀንሶ? ቤቱ ስንት ቀን ባዶ ቢሆን ነው ሽፋኑ የሚጓደለው? የኃላፊነት ሽፋን አለው? በስልክ ብቻ ልመልስ የሚል ወኪል ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። በተሳሳተ ቃል የተሸጠላችሁ ወይም ካሳ ያላግባብ የተከለከላችሁ ካላችሁ፣ ኢንሹራንስን የሚቆጣጠረው የሚኒሶታ የንግድ መምሪያ ከሸማቾች አቤቱታ ይቀበላል፤ የወኪሉንም ፈቃድ እዚያው ማጣራት ትችላላችሁ። እኚያ አባትም አቤቱታቸውን አስገብተዋል፤ መልሱ ገና አልመጣም።